ጥንታዊ ገንዘብን በዱቤ ስለ መሰብሰብ

በጅማና በዙሪያዋ ባሉት የቡና ከተሞች፣ በአጋሮ፣ በሊሙ ገነት፣ በሰቃና በየቡ፣ «ሰብሳቢ» የሚለው ቃል ለብዙ ዘመን የሚያመለክተው አንድ ዐይነት ሰው ብቻ ነበር፤ ይኸውም ከገበሬው ቡና እየገዛ ለአቅራቢው የሚያስረክበው አነስተኛ ነጋዴ ነው። ነገር ግን በነጋዴው መካከል ሌላ ዐይነት ሰብሳቢም ይገኛል። እርሱ የሚሰበስበው ጠገራ ብር፣ የምኒልክን ብር፣ የቀድሞ የወረቀት ገንዘብና ቴምብር ነው። ማታ ሱቁን ከዘጋ በኋላ ሣጥኑን ከፍቶ አንድ በአንድ እያገላበጠ ሲመለከት የቀኑን ድካም ይረሳል። በዚህ የሚነቀፍበት ምክንያት የለም። ችግሩ የሚመጣው ቡና የሚነግደውና ጥንታዊ ገንዘብ የሚሰበስበው አንድ ሰው ሆኖ፣ ሁለተኛውን በዱቤ ሲገዛ ነው።

ጅማ ለዚህ ዐይነቱ ስብስብ እንግዳ አገር አይደለችም። በሁለተኛው አባ ጅፋር ዘመን የሂርማታ ገበያ ከየአቅጣጫው የሚመጡ ነጋዴዎች የሚገናኙበት ስፍራ ነበር፤ በዚያም አሞሌ ጨውና ጠገራ ብር ጎን ለጎን ይሠራባቸው ነበር። ጠላት አገሪቱን በያዘበት ዘመን እንኳ ሕዝቡ የወረቀቱን ሊሬ ከመቀበል ይልቅ ጠገራውን ይመርጥ ስለ ነበር፣ ኢጣልያኖች ጠገራ ብር በሮማ ራሳቸው እስከ ማስቀረጽ ደርሰው ነበር። ሐምሌ 16 ቀን 1937 ዓ.ም. አዲሱ የኢትዮጵያ ገንዘብ ከወጣ በኋላ ጠገራው ከገበያ እየወጣ ሄደ፤ ከፊሉ ቀልጦ ጌጥ ሆነ፣ ከፊሉም በየቤቱ በሣጥን ውስጥ ቀረ። ዛሬ በአንጥረኛው ዘንድና በአሮጌ ዕቃ ሻጩ ሱቅ ብቅ የሚለው ከዚያ የተረፈው ነው።

ወደ ዱቤው ጉዳይ ከመግባት አስቀድሞ ስለ ዕቃው ጥቂት መናገር ያስፈልጋል፤ ብዙ ሰው በዱቤ የሚጐዳው ዕቃውን ሳያውቅ ስለሚገዛ ነው። በጠገራው ላይ የሚታየው 1780 የሚለው ቁጥር የኦስትሪያ ንግሥት ማርያ ቴሬዛ የሞተችበት ዓመት ነው፤ ዓመቱም እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር ነው። ከዚያ ወዲህ በቪየና፣ በሮማ፣ በለንደን፣ በፓሪስ፣ በብራስልስና በቦምቤይ የተቀረጸው ሁሉ ይህንኑ ዓመት ይዞ ወጥቷል። ስለዚህ ቁጥሩን ብቻ አይቶ «ይህስ ሁለት መቶ ዓመት ያለፈው ቅርስ ነው» ብሎ ብዙ ገንዘብ የከፈለ ሰው፣ የአያቱ እኩያ የሆነ ጠገራ ገዝቶ ይሆናል። የጠገራው ክብደት ከ28 ግራም ጥቂት ይበልጣል፤ ከ1000 እጅ 833ቱ ንጹሕ ብር ነው። ይህም የብር ማዕድን በዓለም ገበያ ከሚሸጥበት አውንስ ሦስት አራተኛው ነው። የተለመደው ጠገራ ዋጋው በአብዛኛው ከዚህ የማዕድን ዋጋ ብዙም የራቀ አይደለም።

የምኒልክ ብር ጉዳይ ግን ልዩ ነው። በፓሪስ የተቀረጸውና 1887 የሚል ዓመት በግዕዝ ቁጥር የተጻፈበት ባለ ሙሉ ብር፣ በጥሩ ይዞታ ላይ ሲገኝ በውጭ አገር ጨረታ በመቶዎች የሚቈጠር ዶላር ሲያወጣ ይታያል። «በጥሩ ይዞታ» የሚለው ቃል እዚህ ላይ ሙሉውን ዋጋ ይሸከማል። በአገራችን ብሩ ለአንገት ጌጥ ስለሚሆን ማንጠልጠያ ይበየድበታል፤ ማንጠልጠያው ቢነሣም ጠባሳው ይቀራል፤ ሰብሳቢዎችም ያንን ጠባሳ አይተው ዋጋውን ዝቅ ያደርጋሉ። ከዚህም የባሰ የሚያሳዝነው አንዳንድ ሻጭ ዕቃው እንዲያምርለት ብሎ በሎሚና በአመድ አሽቶ ማንጸባረቁ ነው። ለገዢ ዐይን ያማረው ብር ለዐዋቂ ዐይን የተበላሸ ብር ነው።

እንግዲህ እንዲህ ያለው ዕቃ የሚገዛው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው በአገር ውስጥ፣ በጥሬ ገንዘብ፣ እጅ በእጅ ነው፤ ይህኛው ለማንም ዕዳ አያመጣም። ሁለተኛው በውጭ አገር ጨረታ ሲሆን፣ በዚህ ጊዜ ብዙውን ጊዜ በዋሽንግተን ወይም በሌላ ከተማ የሚኖር ወንድም ወይም ልጅ በክሬዲት ካርዱ ይከፍላል፤ የጅማው ዘመድም «ቡናው ሲሸጥ እተካለሁ» ይላል። አሳቡ ቅን ነው። ካርዱ ግን ቡናው እስኪሸጥ አይጠብቅም።

ክሬዲት ካርድ በመሠረቱ የባለ ሱቁ የዱቤ መዝገብ ወደ ባንክ የተዛወረ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1950 ዳይነርስ ክለብ የተባለው ኩባንያ በኒውዮርክ ጀመረው፤ በ1958 ደግሞ ባንክ ኦፍ አሜሪካ በካሊፎርኒያ ፍሬዝኖ በምትባል ከተማ ላሉት ደንበኞቹ ወደ 60,000 ካርድ ሳይጠይቁት በፖስታ ላከላቸው፤ ዛሬ ቪዛ የሚባለው ከዚያ የተወለደ ነው። አሠራሩ እንዲህ ነው። ባንኩ የወሩን ግዢ ሁሉ ደምሮ ሒሳቡን ይልካል፤ መክፈያ ቀንም ይቈርጣል። ባለ ካርዱ እስከዚያ ቀን ሙሉውን ከከፈለ ወለድ አይጠየቅም፤ ጥቂት ሳምንታት በነፃ እንደ ተበደረ ይቈጠራል። ከፊሉን ብቻ ከፍሎ ከፊሉን ካሳደረ ግን ባደረው ላይ ወለድ ይታሰባል፤ ከዚህም አልፎ በብዙ ባንኮች ደንብ ነፃው ጊዜ ስለሚቀር፣ አዲስ የሚገዛው ዕቃ ሁሉ ከገዛበት ቀን ጀምሮ ወለድ ይወልዳል። «ዝቅተኛ ክፍያ» ተብሎ በሒሳቡ ወረቀት ላይ የሚጻፈው ትንሽ ቁጥር ለባለዕዳው ርኅራኄ ይመስላል፤ ሲሰላ ግን ዕዳውን ለማስረዘም የታሰበ ቁጥር ሆኖ ይገኛል።

በአገር ውስጥ ያለው የባንክ ካርድ በአብዛኛው ከዚህ የተለየ ነው፤ የሚያወጣው ባለቤቱ ራሱ ያስቀመጠውን ገንዘብ ነው። ዱቤው የመጣው በስልክ በኩል ነው። በ2014 ዓ.ም. መጨረሻ ቴሌብር ከዳሸን ባንክ ጋር ሆኖ «መላ» የተባለውን አነስተኛ ብድርና፣ ሒሳብ ሲያንስ ጎድሎውን የሚሞላውን «እንደኪሴ» አወጣ፤ ከዚያም ዳሸን ባንክ «ዱቤ አለ» የሚል አገልግሎት ጀመረ። ግድግዳው ላይ «ዱቤ ዛሬ የለም፣ ነገ ና» የሚል ጽሑፍ ሰቅሎ የኖረ ባለ ሱቅ፣ ዛሬ በገዛ ስልኩ «ዱቤ አለ» መባሉ ፈገግ ሳያሰኘው አይቀርም። ይሁን እንጂ ከዚህ በታች ስለ ካርድ የሚባለው ነገር በቁም ነገሩ ለስልኩም ዱቤ ይሠራል።

የነገሩ ሥር ያለው በጊዜ ላይ ነው። የቡና ነጋዴ ገቢ በዓመት አንድ ጊዜ የሚመጣ ነው። እሸት ቡና ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ ይለቀማል፤ ያን ጊዜ ነጋዴው ከሁሉ የበለጠ ጥሬ ገንዘብ ይፈልጋል። ማጠቢያ ጣቢያ ያለው ሰው ቀይ ቡና ሲመጣለት «ነገ ተመለስ» ማለት አይችልም፤ ፍሬው በዚያው ቀን ካልተፈለፈለ ጣዕሙ ይበላሻል፤ ገበሬውም ቡናውን ጭኖ ጥሬ ገንዘብ ወዳለው ጎረቤት ይሄዳል። ለአንድ ኪሎ ንጹሕ ቡና ወደ ስድስት ኪሎ የሚጠጋ እሸት መግዛት ስለሚያስፈልግ፣ በዚያ ወራት የሚወጣው ገንዘብ እጅግ ብዙ ነው። ቡናው ደርቆ፣ ተፈትሾ፣ ወደ አዲስ አበባ ወርዶ ገንዘብ ሆኖ የሚመለሰው ከጥር ወዲያ ነው። ክረምቱ ደግሞ የባዶ ኪስ ወራት ነው። በጥቅምት በእጅ ያለ አንድ ሺህ ብር በሰኔ ካለው አንድ ሺህ ብር ጋር በወረቀት ላይ እኩል ነው፤ በማጠቢያው በር ላይ ግን እኩል አይደለም።

የካርዱ ሰዓት ይህን ሁሉ አያውቅም። ለእርሱ ጥቅምትም ጥርም ሠላሳ ቀን ነው። በዓመት አንድ ጊዜ የሚያገኝ ሰው በየወሩ የሚጠየቅ ዕዳ ሲገባ፣ ዕዳው ከሚያስጨንቀው ከወለዱ ይልቅ በሚመጣበት ቀን ነው።

ለምሳሌ ያህል አንድ የአጋሮ ቡና አቅራቢ ይታሰብ። በግንቦት ወር የምኒልክ ብሮች በውጭ አገር ለጨረታ ቀረቡ፤ ወንድሙ በካርዱ ተጫረተለትና በ1,000 ዶላር አሸነፈ። አጫራቹ ድርጅት ከገዢው የሚቀበለው ተጨማሪ 20 በመቶ ሲጨመርበት ሒሳቡ 1,200 ዶላር ሆነ። የካርዱ ወለድ በዓመት 24 በመቶ፣ ማለት በወር 2 በመቶ፣ ዝቅተኛው ክፍያም ከወሩ ዕዳ 3 በመቶ ነው ይባል። ወንድምየው «ወንድሜ በጥር ይልክልኛል» ብሎ በየወሩ ዝቅተኛውን ብቻ እየከፈለ ቢቈይ፣ በሚቀጥለው ግንቦት 416 ዶላር ያህል ከፍሏል፤ ዕዳው ግን ገና 1,056 ዶላር ነው። ከከፈለው ውስጥ 272ቱ ወለድ ሆኖ ሄዷል፤ ዕዳውን የቀነሰው 144 ዶላር ብቻ ነው። ያንኑ ዕዳ በየወሩ 113 ዶላር ተኩል ያህል እየከፈለ ቢሆን ኖሮ በዓመቱ ዕዳው ያልቅ ነበር፤ በጠቅላላው የሚወጣውም 1,362 ዶላር ያህል ይሆን ነበር። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው የአሜሪካ ሕግ፣ ዝቅተኛውን ብቻ ለሚከፍል ሰው ዕዳው ስንት ዓመት እንደሚፈጅበት በሒሳቡ ወረቀት ላይ እንዲታተም ያስገድዳል፤ ወንድምየው ያንን መስመር አንብቦ ለአጋሮው ወንድሙ ቢልክለት መልካም ነው። ለማነጻጸር ያህል፣ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በሰዎች መካከል በሚደረግ የገንዘብ ብድር ወለዱ በዓመት ከ12 በመቶ እንዳያልፍ ወስኗል።

በዚህ ላይ የምንዛሪው ነገር ይጨመራል። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ይመነዘር ነበር፤ በዚያ ዕለት የምንዛሪው ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ደረሰ። ያ 1,200 ዶላር በፊተኛው ዋጋ 68,400 ብር ነበረ፤ በ100 ብር ሲታሰብ 120,000 ብር ነው። የብሮቹ ቁጥር አንድም አልጨመረም። ላኪ የሆነ ነጋዴ «እኔም በዶላር ነው የምሸጠው» ሊል ይችላል፤ እርሱ እውነት አለው። በብር ገዝቶ በብር የሚሸጠው አቅራቢና ባለ ሱቅ ግን የዶላር ዕዳ ሲገባ፣ በማያየው ገበያ ላይ እንደ ተወራረደ ይቈጠራል። ደግሞም ገንዘቡ የሚመለሰው በባንክ በኩል፣ በሕግ በተፈቀደ መንገድ ብቻ መሆን አለበት፤ ይህ የማይሆን ከሆነ የሚቀረው ግዢው ነው። ካርዱ የወንድሙ ስለ ሆነ ዕዳውም በወንድሙ ስም የተጻፈ ነው፤ ክፍያ ሲዘገይ የሚበላሸው በዚያ አገር ቤት ለመግዛትና መኪና ለመግዛት የሚጠየቀው የወንድም ስም ነው። በአጋሮና በዋሽንግተን መካከል የስልክ ጥሪ እየቀነሰ የሚሄደው በዚህ ዐይነት ነው።

አንዳንዱ ሰው «ብሩ ራሱ ንብረት አይደለምን? ቢቸግረኝ እሸጠዋለሁ» ብሎ ይከራከራል። ከላይ ያለው ምሳሌ መልስ ይሰጣል። በ1,200 ዶላር የገዛውን በማግስቱ በዚያው የ1,000 ዶላር ዋጋ መልሶ ለጨረታ ቢያቀርብ፣ ድርጅቱም ከሻጩ 10 በመቶ ቢወስድ፣ በእጁ የሚገባው 900 ዶላር ነው። ገና ወለዱ ሳይቈጠር 300 ዶላር ጎድሏል። ቡና በቸገረ ጊዜ በዕለቱ ዋጋ ገዢ ያገኛል፤ የምኒልክ ብር ግን ዋጋውን የሚያውቅ ገዢ እስኪመጣ መጠበቅ አለበት፤ የቸገረው ሰው ደግሞ መጠበቅ አይችልም። ወደ ውጭ ልኮ ለመሸጥም መንገዱ ክፍት አይደለም፤ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ ይከለክላል። በዱቤ የገባው ብር በሕጋዊ መንገድ ተመልሶ እንዳይወጣ ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

የማዕድኑም ዋጋ ቢሆን የሚታመን አይደለም። በቴክሳስ የሚኖሩ ሐንት የተባሉ ባለጠጋ ወንድማማቾች ብርን በብድር ገንዘብ ጭምር እየገዙ አከማችተው ነበር። እ.ኤ.አ. በጥር 1980 የአንድ አውንስ ብር ዋጋ ወደ 50 ዶላር ገደማ ወጥቶ ነበር፤ መጋቢት 27 ቀን 1980 ግን ከ11 ዶላር በታች ወረደ። አበዳሪዎቹ ዋስትና ጨምሩ ባሉ ጊዜ ወንድማማቾቹ የሚጨምሩት አልነበራቸውም። ዋጋው ከ45 ዓመት በኋላ፣ በ2025፣ ከ50 ዶላር በላይ መውጣቱ እውነት ነው፤ ዕዳ የሌለበት ሰው ጠገራውን በሣጥን አስቀምጦ ያን ቀን ለማየት ይችላል፤ ባለዕዳው ግን እስከዚያ ሳጥኑ በእጁ አይቈይም።

ሙስሊም የሆነው ነጋዴ፣ በጅማም ቁጥሩ ብዙ ነው፣ ወለድን ስለሚሸሽ ይህ ሁሉ የማይመለከተው ሊመስለው ይችላል። ከወለድ ነፃ አገልግሎት በብዙ ባንኮች አለ፤ ዘምዘም ባንክም በ2013 ዓ.ም. በዚህ ሥርዓት ብቻ ሥራ ጀምሯል። ነገር ግን አብዛኞቹ የሸሪዓ ሊቃውንት ወርቅና ብር በገንዘብ ሲለወጥ እጅ በእጅ መሆን ይገባዋል ስለሚሉ፣ የብር ገንዘብን በዱቤ መግዛት ወለድ ባይኖርበትም እንኳ የሚያጠያይቅ ነው፤ ዝርዝሩን ከዐዋቂ መጠየቅ ያሻል።

ታዲያ ሰብሳቢው ስብስቡን ይተው ማለት አይደለም። የቀድሞ ነጋዴዎች የተዉልን ዕቁብ እዚህ ላይ ይረዳል፤ ነገር ግን በጥንቃቄ መታየት አለበት። በዕቁብ መጀመሪያ የደረሰው ሰው ያለ ወለድ ተበደረ፤ መጨረሻ የደረሰው ደግሞ ቈጠበ። ስለዚህ ለስብስብ ሲባል ዕቁብ የገባ ሰው ወደ መጨረሻው እንዲደርሰው ቢፈልግ ይሻለዋል፤ ቀድሞ ደርሶት ብር ከገዛበት በኋላ በጥቅምት ዕቁብ መጣል ቢያቅተው፣ የሚያፍሩት ዋሶቹ ናቸው። የዕቁቡም ጣይ ወር ከቡናው ገቢ ጋር እንዲስማማ ከጥር እስከ ሰኔ ባለው ጊዜ ቢወሰን መልካም ነው።

በካርድ መግዛት ግድ የሆነበት ሰው ደግሞ ጨረታው ከመከፈቱ በፊት ሙሉው ገንዘብ፣ የአጫራቹ ድርሻና የመላኪያው ዋጋ ጭምር፣ በሕጋዊ መንገድ በካርዱ ባለቤት እጅ መግባቱን ያረጋግጥ። ካርዱ ያን ጊዜ ለመክፈያ ብቻ ያገለግላል እንጂ አበዳሪ አይሆንም፤ ሒሳቡም በመጣ ቀን ሙሉው ይከፈላል። የመጫረቻውም ወሰን አስቀድሞ በወረቀት ተጽፎ ለወንድምየው ይሰጥ፤ በጨረታ ሰዓት ከባሕር ማዶ በስልክ «ጨምር፣ ጨምር» ማለት ቀላል ነው። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ ምንም ዐይነት ብር፣ የጠገራም ቢሆን የምኒልክ፣ አለመግዛት ለቡና ነጋዴ የሚስማማ ልማድ ነው፤ ጥሩ ዕቃ ካመለጠ ሌላ ዓመት ይመጣል፤ ያመለጠ እሸት ቡና ግን ለዚያ ዓመት ሄደ ማለት ነው።

የመጨረሻው ጉዳይ መዝገቡን ይመለከታል። ብዙ ነጋዴ ለስብስቡ ያወጣውን ገንዘብ «ልዩ ልዩ ወጪ» ብሎ በሱቁ መዝገብ ይጽፈዋል፤ ወይም ከሸቀጡ ጋር ይደምረዋል። ሁለቱም ስሕተት ነው። ባለቤቱ ለራሱ ያወጣው ገንዘብ ተብሎ ለብቻው ሊጻፍ ይገባል፤ አለዚያ በዓመቱ መጨረሻ ትርፉ ለምን እንዳነሰ የሚያውቅ አይኖርም፤ ግብር አስከፋዩም ይጠይቃል። ከዚህ ሌላ እያንዳንዱ ብር የተገዛበት ቀን፣ ዋጋው፣ ደረሰኙና ፎቶግራፉ ያለበት አንድ ደብተር ይኑር፤ የቅርስ ምዝገባ የሚያስፈልገውም ከዚሁ ደብተር ላይ ተለይቶ ለባህል መሥሪያ ቤት ይቅረብ። የደብተሩ ሌላ ቅጂ በሚስት ወይም በትልቁ ልጅ እጅ ይቀመጥ፤ ዕዳ ካለም ከፊት ገጹ ላይ በግልጽ ይጻፍ። ባለቤቱ ቢሞት፣ አንጥረኛው ሣጥኑን በሚዛን ላይ አድርጎ በግራም ለመግዛት ሲመጣ፣ የ1887ቱ የምኒልክ ብር ከተራው ጠገራ ተለይቶ የሚታወቀው በዚያ ደብተር ነው።